ከካዝና እስከ ኢላማ፣ ከኢላማ እስከ ካዝና፦ ሽጉጥ ለስፖርት ተኩስ፣ ከፈቃድ እስከ ውልወላ

በተኩስ ሜዳ በሚያልፍ 2 ሰዓት ውስጥ ምላጭ የሚሳብበት ጊዜ ቢደማመር ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። የቀረው ሣጥን መክፈት፣ ማጉረስ፣ ባዶ ማድረግ፣ መጠበቅ፣ መልሶ መቆለፍ ነው። "ባዶ መስሎኝ ነበር" የሚያሰኘው ስህተትም ሆነ ፈቃድ የሚያስነጥቀው ጥፋት አድፍጦ የሚጠብቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ኢላማ ከመምታቱ ይልቅ በመሣሪያ አያያዝ ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ። ምላጭ የምንለው ጣት የሚስበውን፣ ብዙ ሰው ቃታ የሚለውን ነው። ካርታ ጥይት የሚደረደርበት ዕቃ ነው። ካዝና የሚሉትም አሉ፤ እዚህ ግን ካዝና ስንል መሣሪያ የሚቆለፍበትን የብረት ሣጥን ብቻ ነው። መጉረሻ ጥይቱ ሊተኮስ የሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ጫፍ ሲሆን፣ ስላይድ ደግሞ በባለ ካርታ ሽጉጥ ላይ ወደ ኋላ የሚሳበው የላይኛው ብረት ነው።

ሳይገዙ ይተኩሱ

አሠልጣኝና የራሱ መሣሪያ ያለው ክለብ ይፈልጉና በክለቡ ሽጉጥ ቢያንስ 3 ወር፣ በሳምንት አንድ ቀን ይተኩሱ። ጀማሪ ለእጁ የሚስማማውን ገና አያውቅም፤ በመስታወት ውስጥ ያማረው ሽጉጥ 50 ጥይት ሲተኮስበት የአውራ ጣትን ሥር ይልጥ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በብዙ አገር የክለብ አባልነትና የልምምድ መዝገብ ራሱ የፈቃድ ማመልከቻው ዋና ማስረጃ ነው።

ልምምዱን በ.22 ሎንግ ራይፍል ይጀምሩ። ከ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ትንሽ ጥይት ነው፤ እርሳሱ፣ ማለትም ከበርሜሉ ወጥቶ የሚሄደው የጥይቱ ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ 2.6 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ብዙ ሰው 9 ሚሊ ሜትር የሚለው የተለመደው የ9×19 እርሳስ ግን ከ7.5 እስከ 8 ግራም ነው። ርግጫው ቀላል በመሆኑ ተኳሹ ሐሳቡን ሁሉ ምላጩ ላይ ማሳረፍ ይችላል። በ9 ሚሊ ሜትር የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት የሚለምደው ዓይን መጨፈንን ነው፤ ያንን ለማስተው ደግሞ ወራት ያስፈልጋሉ። ትንሽ ናት ተብላ ግን አትናቅም፦ አፈሙዙ ቀና ብሎ የተተኮሰ የ.22 ጥይት ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በ10 ሜትር የሚተኮሰው የአየር ሽጉጥም ጥሩ መጀመሪያ ነው። ድምፁም ወጪውም ትንሽ ነው፤ የሚያስተምረው የምላጭ አሳሳብ ግን ያው ነው።

ፈቃድ

ሕጉ ከአገር አገር እጅግ ይለያያል። በታላቋ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጡት ሕጎች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር የግል ሽጉጥን ከልክለዋል። በጀርመን የስፖርት ተኳሽ የራሱን መሣሪያ ለመግዛት ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ 12 ወር በታወቀ ማኅበር ውስጥ አዘውትሮ መተኮስ አለበት። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ለግለሰቦች ሽጉጥ መሸጥና ማስተላለፍን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አግዳለች። በመሆኑም የጓደኛ ምክር የሕግ ምንጭ አይሆንም። ጥያቄዎን በጽሑፍ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ፤ መልሱንም ያስቀምጡ።

ሲጠይቁ አራት ነገሮችን ለያይተው ይጠይቁ። ሰውየው መሣሪያ እንዲይዝ የሚፈቅደው ወረቀት አንድ ነው። ያ አንድ ሽጉጥ በተከታታይ ቁጥሩ የሚመዘገብበት ሌላ ነው። ጥይት ምን ያህልና በየትኛው መለኪያ (የጥይቱ ስፋትና ዓይነት) እንደሚፈቀድ ሦስተኛው ነው። መሣሪያውን ከቤት ወደ ሜዳ ማጓጓዝ ራሱን የቻለ አራተኛ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው አራተኛው ላይ ነው፦ መያዝ የተፈቀደለት ሁሉ ይዞ መዞርም የተፈቀደለት ይመስለዋል። የስፖርት ፈቃድ በአብዛኛው ከካዝና ወደ ሜዳ፣ ከሜዳ ወደ ካዝና ብቻ ነው። መንገድ ላይ ምሳ ለመብላት መቆም እንኳ ጥያቄ ያስነሳል።

ማመልከቻ የሚያስመልሱት ምክንያቶች አሰልቺዎች ናቸው። ስም በመታወቂያው ላይ አንድ ዓይነት፣ በክለቡ ደብዳቤ ላይ ሌላ ዓይነት ይጻፋል። የሕክምና ማስረጃው ጊዜ አልፎበት ይገኛል። የካዝናው ፎቶግራፍ ሣጥኑን ያሳያል እንጂ ከግድግዳ ጋር መታሰሩን አያሳይም። ተከታታይ ቁጥሩ ሲገለበጥ ዜሮው ኦ ይሆናል፣ 8ቱ ቢ ይሆናል፤ ቁጥሩን ሁለት ሰው እየተቀባበለ፣ አንዱ እያነበበ አንዱ እየተከተለ ያረጋግጥ። "ምክንያት" በሚለው ቦታ ላይ "ለስፖርት" ብቻ ብሎ መተው አይበቃም። የውድድሩን ዓይነት፣ ርቀቱን፣ የጥይቱን መለኪያ፣ ክለቡንና በወር ስንት ጊዜ እንደሚተኩሱ ይጻፉ። የቆየ ክስ ወይም የሕክምና ታሪክ ካለ አይደብቁ፤ ራሱ ጉዳዩ ላያስከለክል ይችላል፣ መደበቁ ግን ያስከለክላል።

የሚያበቃበትን ቀን ከ3 ወር በፊት በስልክዎ ላይ ማስታወሻ ያድርጉት። ፈቃዱ ባለቀ ማግስት ካዝናው ውስጥ ያለው ሽጉጥ ሕገ ወጥ መሣሪያ ነው።

ምርጫ

መጀመሪያ የሚለካው ከእጀታው ጀርባ እስከ ምላጩ ያለው ርቀት ነው። ባዶነቱ የተረጋገጠውን ሽጉጥ ሲይዙ በርሜሉ ከክንድዎ ጋር በአንድ መስመር ይሁን፤ በዚያው አያያዝ የሌባ ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ ምላጩ መሐል ላይ ማረፍ አለበት። ጫፉ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ሽጉጡ ትልቅ ነው፤ ጣትዎ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከገባ ትንሽ ነው።

ከዚያ የምላጩ ክብደት። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን የ25 ሜትር ሽጉጥ ውድድር ዝቅተኛው 1,000 ግራም ነው፣ በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ 500 ግራም። ለአገልግሎት የተሠሩ ሽጉጦች ብዙውን ጊዜ ከ2 ኪሎ በላይ ይጠይቃሉ። ለጀማሪ ከ1,000 እስከ 1,500 ግራም ያለው ይመቻል። ከዚያ የቀለለ ምላጭ ሳይታሰብ ያመልጣል።

ያገለገለ ሲገዙ በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን አሳልፈው ይዩ። ቀለበት የመሰለ ጥቁር ጥላ ካዩ በርሜሉ አንድ ጊዜ አብጧል ማለት ነውና ይተዉት። የአፈሙዙ ጫፍ ላይ ጭረት ካለ ጥይቱ ሲወጣ ጋዙ ጎንና ጎን እኩል ስለማይለቀው ኢላማ ይስታል። ዋጋውን ሲያሰሉ ጥይቱን አይርሱ፦ በሳምንት 100 ጥይት በዓመት 5,200 ጥይት ነው፤ ውሎ አድሮ ከሽጉጡ የሚበልጠው ወጪ እርሱ ነው።

ጥይቱን ከበርሜሉ ጽሑፍ ጋር ቃል በቃል ያስተያዩ። "9 ሚሊ ሜትር" ብቻ ማለት ምንም ማለት አይደለም። 9×19 አለ፣ 9×18 ማካሮቭ አለ፣ 9×17 አለ። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን የ9×19 ግን 9.01 ገደማ ነው፤ አይለዋወጡም።

ባዶ ማድረግ

ከዚህ መመሪያ አንድ ክፍል ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ያንብብ።

ለባለ ካርታ ሽጉጥ፦

1. አፈሙዙ ወደ ጥይት መመከቻው፣ ጣትዎ ከምላጭ ከለላው ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ላይ የተዘረጋ ይሁን።
2. ካርታውን ያውጡ፤ ኪስዎ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።
3. ስላይዱን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ይሳቡ። መጉረሻው ውስጥ ጥይት ከነበረ ዘሎ ይወጣል፤ ይውደቅ፣ በእጅዎ ለመቅለብ አይሞክሩ።
4. ስላይዱን እንደተከፈተ ይቆልፉት።
5. መጉረሻውን በዓይን ይዩ፤ ከዚያ የትንሿን ጣት ጫፍ አስገብተው ይዳስሱ። የካርታውን ጎድጓዳም እንዲሁ። ዓይንዎን ለአፍታ ወደ ሌላ ቦታ አዙረው እንደገና ይዩ።
6. ደማቅ ቀለም ያለውን የደህንነት ባንዲራ መጉረሻው ውስጥ ያስገቡ።

ዋናው ስህተት 2 እና 3ን ማገላበጥ ነው። ካርታው ሳይወጣ ስላይዱ ቢሳብ መጉረሻው ውስጥ የነበረው ጥይት ይወጣል፤ ስላይዱ ሲመለስ ግን ከካርታው ሌላ ይጎርሳል። ከዚያ ካርታው ይወጣል። ተኳሹ ጥይት ሲወድቅ በዓይኑ አይቷል፣ ካርታውም በእጁ ነው፣ ልቡም ባዶ ነው ብሎታል። ሽጉጡ ግን ጎርሷል። ካርታ የሌለው ሽጉጥ አይተኩስም ብሎ ማመንም ያው ነው፦ ካርታ ሲወጣ የሚቆለፉ ሞዴሎች አሉ፣ ብዙዎቹ ግን አይቆለፉም።

በሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቱ በሚሽከረከር ሲሊንደር ቀዳዳዎች ውስጥ በሚቀመጥበት ሽጉጥ፣ ሲሊንደሩን ከፍተው፣ ማውጫ ዘንጉን በመዳፍዎ በአንድ ምት ይግፉና ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። 6 ጥይት የሚይዝ ከሆነ 6 ባዶ ቀዳዳ ማየት አለብዎት። "ባዶ ይመስላል" ቁጥር አይደለም።

ሽጉጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪም ተቀባይም ይህንኑ ይደግማሉ። ተቀባዩ ሲደግም ሰጪው ቅር ሊለው አይገባም፤ የሜዳው ወግ ነው።

ጉዞና አለባበስ

ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በቁልፍ በተዘጋ ጠንካራ ሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን፣ ሁለቱም ከሾፌሩ እጅ የራቁ። ካርታዎች ባዶ ይሁኑ፤ የተሞላ ካርታን እንደ ጎረሰ መሣሪያ የሚቆጥሩ ሕጎች አሉ። በአውሮፕላን ለውድድር የሚጓዝ ሰው ጥይት በተጫነ ሻንጣ ብቻ፣ በመንገደኛ እስከ 5 ኪሎ ግራም ሊፈቀድለት ይችላል፤ ለዚህም አየር መንገዱ አስቀድሞ መስማማት አለበት።

የሽጉጥ ተኩስ ድምፅ በአብዛኛው ከ150 እስከ 165 ዴሲቤል ይደርሳል። ለድንገተኛ ድምፅ የጉዳት ድንበር ተደርጎ የሚወሰደው 140 ነው፤ ስለዚህ አንዲት ጥይት እንኳ ያለ መከላከያ አትተኮስም። በተዘጋ ሜዳ የጆሮ ውስጥ ስፖንጅና የጆሮ ክዳን አንድ ላይ ያድርጉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ቁጥራቸው አይደመርም፣ ከትልቁ ላይ 5 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ቢሆንም ከአጠገብዎ ከባድ መለኪያ የሚተኩስ ሲኖር ያቺ 5 ዋጋ አላት። ስፖንጁን በጣት አጥብቀው ያጥቅልሉ፤ በሌላው እጅ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ያስገቡትና እስኪያብጥ ለ30 ሰከንድ ይዘው ይቆዩ። ግማሹ ውጭ የቀረ ስፖንጅ ጌጥ ነው።

መነጽሩ ፖሊካርቦኔት፣ ጎኑ የተሸፈነ ይሁን። ኮፍያው ባለ ጥላ፣ ሸሚዙ አንገቱ የተዘጋ ይሁን። የአንገት ነገር ቀልድ አይደለም፦ ትኩስ ቀለህ ሸሚዝ ውስጥ ሲገባ ሰው በደመ ነፍስ ይዞራል፣ ሽጉጡም አብሮት ይዞራል፣ አፈሙዙ ጎረቤቱን ጠርጎ ያልፋል። ቢገባብዎት ቆዳዎ ይቃጠል፤ ሽጉጡን አፈሙዙ ወደ ፊት እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ያኑሩና ከዚያ ያራግፉ። ቃጠሎው በ2 ቀን ይድናል።

መስመሩ ላይ

በደረሱ ጊዜ ሣጥኑን ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ አይክፈቱ። የሚከፈተው በተኩስ መስመሩ ጠረጴዛ ላይ፣ አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንዲያይ ሆኖ፣ የሜዳው ኃላፊ ሲፈቅድ ነው። ሣጥን ውስጥ ሲያስቀምጡም አፈሙዙ የትኛው ጫፍ ላይ እንዳለ ውጭው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አለዚያ አንድ ቀን ገልብጠው ይከፍቱታል።

በዓለም አቀፍ ውድድር ትእዛዞቹ አራት ናቸው፦ አጉርስ፣ ጀምር፣ አቁም፣ ባዶ አድርግ። በክለብ ሜዳዎች ቃሉ ሊለያይ ይችላል፣ ሐሳቡ አይለያይም። "አቁም" ከኃላፊው ብቻ የሚመጣ ትእዛዝ አይደለም። አደጋ ያየ ማንኛውም ሰው፣ የመጀመሪያ ቀኑ የሆነ እንግዳም ቢሆን ይጮኻል፤ ሁሉም ያቆማል። ኢላማ ለመለወጥ ሰዎች ወደ ፊት ሲሄዱ ማንም መሣሪያ አይነካም፤ ካርታ መሙላትም፣ መነጽር ማስተካከል በሚል ሰበብ ጠረጴዛው ላይ ማጎንበስም አይፈቀድም። ሁሉም ከመስመሩ ጀርባ ቆሞ እጁን ያሳያል።

አያያዝ፣ ማነጣጠር፣ ምላጭ

በሁለት እጅ ሲተኮስ የተኳሽ እጁ በእጀታው ላይ እስከሚቻለው ከፍ ብሎ ይያዛል፤ አጋዡ እጅ በባዶ የቀረውን የእጀታውን ጎን ይሞላል። ሁለቱም አውራ ጣቶች በአንድ ጎን፣ ወደ ፊት ያመለክታሉ። አውራ ጣትን ከስላይዱ ጀርባ ማቆላለፍ ክልክል ነው፤ ስላይዱ ሲመለስ ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። በሪቮልቨር ደግሞ ማንኛውም ጣት በሲሊንደሩና በበርሜሉ መካከል ካለው ክፍተት መራቅ አለበት፤ ከዚያ የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ሥጋ ይቆርጣል።

የማነጣጠር ነገር በቁጥር ሲታይ ይገባል። በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያዎቹ መካከል 160 ሚሊ ሜትር ካለ፣ የፊቱ ማነጣጠሪያ ከኋላው ክፍተት መሐል በ1 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ ጥይቱ በ25 ሜትር ርቀት ላይ በ156 ሚሊ ሜትር ይስታል። የ25 ሜትሩ ኢላማ የ10 ቁጥር ክብ ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 10 መሆን የነበረበት ጥይት 4 ላይ ይወድቃል። በሌላ በኩል ማነጣጠሪያዎቹ ሳይዛነፉ መላው እጅ በ20 ሚሊ ሜትር ቢዋልል ጥይቱም በ20 ሚሊ ሜትር ብቻ ይስታል፣ አሁንም 10 ነው። ጀማሪ የሚታገለው ከእጁ መዋለል ጋር ነው፤ ጠላቱ ግን የፊቱ ማነጣጠሪያ መዛነፍ ነው። ዓይንዎ የፊቱን ማነጣጠሪያ አጥርቶ ይይ፤ ኢላማው ይደብዝዝ። በሁለቱም ጎን የሚታየው ብርሃን እኩል፣ የላይ ጠርዛቸው አንድ መስመር ይሁን።

ምላጩን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ፣ ግፊቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ ይሳቡ። ከ3 እስከ 6 ሰከንድ ውስጥ ካልተኮሰ ይቆይ፣ 8 ሰከንድ ካለፈ ግን እጅዎን አውርደው ያርፉ፤ ዓይን ይደክማል፣ እጅም መንቀጥቀጥ ይጀምራል። "አሁን መሐል ላይ ነው" ብሎ በቅጽበት መሳብ የመሳት አጭር መንገድ ነው። የቀኝ እጅ ተኳሽ ጥይቶቹ ወደ ታችና ወደ ግራ ከተሰበሰቡ ርግጫውን ቀድሞ እየተጠባበቀ እጁን እየደፋ ነው፤ ማነጣጠሪያውን ከመንካቱ በፊት ይህን ይፈትሽ። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ሌላ ሰው በካርታው ውስጥ ከ5 ጥይት መካከል 2 ባሩድም ማቀጣጠያም የሌላቸው የልምምድ ጥይቶችን ይደባልቃል። የልምምዱ ጥይት ላይ አፈሙዙ ከደፋ ምስጢሩ ወጣ።

ለመጀመሪያዎቹ ወራት ርቀቱ 7 ሜትር፣ በአንድ ጊዜ 5 ጥይት፣ በአንድ ቀን ከ50 እስከ 100 ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚተኮሰው ድካምን መለማመድ ነው።

ሲነክስና ሲከሽፍ

ምላጭ ተስቦ ካልተኮሰ፣ አፈሙዙን ወደ ፊት እንደያዙ 30 ሰከንድ ይቁጠሩ። ባሩዱ ዘግይቶ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ሜዳው ረዘም ያለ ጊዜ ካዘዘ እርሱን ይከተሉ። ከዚያ ካርታ ይውጣ፣ ስላይድ ይሳብ፣ የከሸፈው ጥይት ሜዳው ባዘጋጀው ዕቃ ውስጥ ይግባ። ኪስ ውስጥ አይገባም፣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥም አይጣልም። በ.22 ክሽፈት ይበዛል፤ ማቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ስለሚፈስ አንዳንዴ አንድ ጎኑ ይሳሳል።

ከሁሉ የከፋው ግን ድምፁ የደከመ ተኩስ ነው። "ፑፍ" ይላል፣ ርግጫ የለውም፣ ወረቀቱም አልተበሳም። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። በላዩ ላይ ሌላ ከተተኮሰ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ወዲያውኑ ያቁሙ፣ ባዶ ያድርጉ፣ በርሜሉን በመወልወያ ዘንግ ይለኩ። ሽጉጥ ሲነክስ ካርታውን በመዳፍ መትቶ ስላይዱን በፍጥነት ስቦ መቀጠል ለውጊያ የተፈጠረ ልማድ ነው። ለኢላማ ተኳሽ እዚህ ላይ ጎጂ ነው፤ ማንም የሚያሳድደው የለምና ይቁም፣ ይይ።

ቀለሁ በስላይዱ አፍ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የላላ አያያዝ ነው። የእጅ አንጓ ላልቶ ሲታጠፍ ሽጉጡ አብሮ ስለሚሄድ ስላይዱ ሙሉ መንገዱን አይጨርስም። አያያዝ ተጠናክሮ ካልተሻለ ቀለህ ጎታቹ መንጠቆ ሥር ቆሻሻ አለ። ሁለት ጥይት ተደርቦ ከነከሰ ስላይዱን ቆልፈው ካርታውን በኃይል ያውጡ፣ ስላይዱን 3 ጊዜ ይሳቡ፣ ከዚያ ካርታውን ይመርምሩ፤ ከንፈሩ ተጣምሞ ሊሆን ይችላል። በ.22 ካርታ ሲሞሉ የላይኛው ጥይት ጠርዝ ከታችኛው ጠርዝ ፊት ይሁን። ወደ ኋላ ከተቀመጠ ይቆላለፋሉ፣ አይጎርስም።

ማነጣጠሪያ ማስተካከል

5 ጥይት በ3 ዙር ሳይተኩሱ ብሎን አይንኩ። የ15ቱ መሐል የት እንዳለ ይለኩ። የኋላው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ነው፣ የፊቱ በተቃራኒው። መጠኑ እንዲህ ይሰላል፦ ስህተቱ ሲባዛ በማነጣጠሪያዎቹ መካከል ባለው ርቀት፣ ሲካፈል ለኢላማው ርቀት። በ25 ሜትር 80 ሚሊ ሜትር ወደ ግራ የሚስት፣ ማነጣጠሪያው 160 ሚሊ ሜትር የሆነ ሽጉጥ፣ የኋላው ማነጣጠሪያ በ0.5 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ይገፋል።

እርሳስና ውልወላ

ከጥይቱ እርሳስ ሌላ ማቀጣጠያው ራሱ የእርሳስ ውሕድ ስላለበት፣ እያንዳንዱ ተኩስ የማይታይ አቧራ ይለቃል። በሜዳ ላይ አይብሉ፣ አያጭሱ፣ ፊትዎን አይነካኩ። ሲጨርሱ እጅና ፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ ጫማ ከደጅ ይቅር፣ ልብሱ ከልጆች ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ አቧራውን መልሶ ማስነሳት ነው። በተዘጋ ሜዳ በየሳምንቱ የሚተኩስ ሰው በዓመት አንዴ የደም እርሳስ ምርመራ ቢያደርግ ይበጀዋል።

ውልወላው የሚጀምረው ጥይቱን ሁሉ ከክፍሉ በማስወጣትና ሽጉጡን እንደገና ባዶ በማድረግ ነው። ይህ ድግግሞሽ ከንቱ አይደለም፤ ለመፍታት ምላጭ እንዲሳብ የሚጠይቁ ሽጉጦች አሉ። በርሜሉን ከመጉረሻው በኩል፣ በማሟሚያ ፈሳሽ በራሰ ጨርቅ ያጥቡት፣ 10 ደቂቃ ይተዉት፣ የነሐስ ብሩሽ 8 ወይም 10 ጊዜ ያመላልሱበት፣ ከዚያ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይወልውሉ። ብሩሹ በርሜሉ መሐል ላይ አይመለስ፤ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። የ.22 በርሜል ይህን ያህል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መጉረሻውና መንጠቆው ናቸው።

ዘይት ሲበዛ ይጎዳል። በእያንዳንዱ የስላይድ ሐዲድ ላይ አንድ ጠብታ፣ በበርሜሉ ውጭ አንድ ጠብታ፣ በቃ። የመምቻ መርፌው መሄጃ ደረቅ ይሁን፤ እዚያ የገባ ዘይት ከባሩድ ጥላሸት ጋር ሊጥ ሆኖ መርፌውን ያዘገያል፣ ጥይት ይከሽፋል። የካርታ ውስጥም ደረቅ ነው። ገጥመው ሲጨርሱ ባዶውን ሽጉጥ አቀባብለው ይሞክሩ፤ .22 ከሆነ ግን መመሪያ መጽሐፉ ካልፈቀደ ያለ ልምምድ ጥይት ምላጭ አይሳቡ፣ መርፌው የመጉረሻውን ጠርዝ ይቀጠቅጣል።

ካዝና

ካዝናው ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን ይታሰር፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ ይቆለፍ። የልደት ቀን የምስጢር ቁጥር አይሆንም። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ የቤቱ ሽጉጥ ያለው መሳቢያው ውስጥ ነው፤ ልጆች መሳቢያ ያውቃሉ። ሽጉጥን በቆዳ አፎት ውስጥ እንዳለ አይቆልፉ፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ በዚያው ቅርጽ ይዝጋል። የሲሊካ ጄል ከረጢት ያስገቡና በየጊዜው ያድርቁት ወይም ይለውጡት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው በከባድ ኀዘን ወይም በጭንቀት ውስጥ ካለ፣ ራስዎም ቢሆኑ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሽጉጡ ለጊዜው ክለቡ ዘንድ ይቀመጥ። አሳፋሪ አይደለም፤ ጥሩ ክለብም ምክንያት ሳይጠይቅ ይቀበላል።

ከመቆለፍዎ በፊት ማስታወሻ ደብተር ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ቀን፣ ስንት ጥይት፣ የትኛው ፋብሪካ፣ ምን ነከሰ፣ በየትኛው ካርታ። ካርታዎችዎን በማይጠፋ ቀለም 1፣ 2፣ 3 ብለው ይቁጠሯቸው። ከ5 ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሲገልጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችግሩ ሽጉጡ ሳይሆን ካርታ ቁጥር 2 መሆኑ ነው።